ከሠርጉ በፊት የተቆፈረው መንገድ

በዚያ ሰፈር ሥራ የጀመርን ዕለት፣ ማሽናችን ገና አንድ አካፋ አፈር ሳያነሣ፣ አንዲት እናት ዱካ ይዘው ከግቢያቸው ወጡና ከኤክስካቫተሩ ፊት ለፊት አስቀምጠው ቁጭ አሉ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ፤ ከዚያ ቀና ብለው የማሽኑን ክንድ ተመለከቱት። ለዕድር ስብሰባ ቀድሞ የደረሰ ሰው እንጂ ማሽን ሊያቆም የወጣ ሰው አይመስሉም ነበር።

ኦፕሬተሩ ሞተሩን አጠፋና በመስኮቱ አንገቱን አወጣ።

«እማማ፣ እዚያ መቀመጥ አደገኛ ነው።»

«አደገኛ መሆኑን ካወቅህ ለምን አመጣኸው?» አሉት።

መንገዱ ከሳሪስ አቦ ወደ ቃሊቲ ከሚወስደው አስፋልት ወደ ውስጥ የሚገባ ኮረኮንች ነው። ጠዋት ጠዋት የቂሊንጦ ፋብሪካ ሠራተኞች ሰርቪስ ለመያዝ ይሮጡበታል፤ ረፋዱ ላይ ደግሞ ማረሚያ ቤት ያለ ሰው ሊጠይቁ ስንቅ በፌስታል አንጠልጥለው የሚሄዱ ሰዎች ያቋርጡታል። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ቤት ለቤት ስለሚገባ፣ እኛ ከዳር እስከ ዳር ቆፍረን የፍሳሽ ቱቦ ልንቀብርበት ነው የመጣነው። ጊዜው ጥር ነበር፤ ጥቁሩ መሬት ደርቆ፣ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አውጥቷል።

እኔ በድርጅታችን ውስጥ አዲስ የተሰጠኝ ሥራ ነበረኝ። ማሽኑ ከመቆፈሩ በፊት ከመሬት በታች የተቀበሩትን የውሃ፣ የመብራትና የስልክ መስመሮች ፈልጌ አገኛለሁ፤ በላያቸው ቀለም እረጫለሁ፤ ሲቆፈር ደግሞ እንዳይቆረጡ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሠራተኞቹ «ዘበኛዋ» ይሉኛል። ከኢንጂነርነት ዲግሪዬ ይልቅ ይሄ ስም ነው የጸናብኝ።

ሄድኩና ከሴትየዋ አጠገብ ቁጢጥ አልኩ።

«አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?»

«ውሃው እንዳይቆረጥ የምጠብቀው እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ያለፉትም እንዲሁ ብለው ነበር» አሉ፣ ሳይቆጡ። ከዚያ ነገሩኝ። ከጥቂት ወራት በፊት ሌሎች ቆፋሪዎች ለሌላ ሥራ መጥተው ዋናውን የውሃ ቱቦ በጥሰውታል። መንገዱ እንደ አዋሽ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ሲጎድል ግን የሰፈሩ ቧንቧ ሁሉ አብሮ ደረቀ። ሰዉ ጄሪካን ተሸክሞ እስከ አስፋልቱ ማዶ ሲመላለስ ከረመ። «አሁን ልጄን ልድር ነው። ከጥምቀት በኋላ ነው ሠርጉ። ጠላ ይጠመቃል፣ ዕቃ ይታጠባል፣ ሰው ይበላል። በምን ውሃ ልደግስ? በእንባዬ?»

ኦፕሬተሩ ከማሽኑ ወርዶ መጣ። ግዙፍ፣ ሳቂታ ሰው ነው። በዚህ ማሽን ጥርስ የለስላሳ ቆርኪ ጠርሙሱን ሳልሰብር እከፍታለሁ እያለ ይፎክራል፤ ሲከፍት ያየ ግን የለም። ባርኔጣውን አውልቆ፣ «እማማ፣ ይቺ ልጅ ‹በቃ፣ ቆፍር› ሳትለኝ አንዲት ጭብጥ አፈር አልነካም። እናቴ ትሙት» አላቸው።

«እናትህ በሕይወት አሉ?»

«አሉ።»

«እንግዲያው አምንሃለሁ» አሉና ተነሡ። ዱካውን ግን እዚያው ተዉት። እስከ ማታ ድረስ ማንም አላነሣውም።

ለሥራ አስኪያጃችን ደወልኩ። ማሽኑ መቆፈር ሳይጀምር መንገዱን በእጅ እየቆፈርን ማየት እንዳለብን፣ ያለዚያ ከሰፈሩ ጋር መጣላታችን እንደማይቀር አስረዳሁት። «ማሽን አቁመን በአካፋ?» አለና ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠየቀኝ። በመጨረሻ ተስማማ፤ ማሽኑ እስከዚያ ድረስ ቤት በሌለበት በታችኛው ጫፍ ይሥራ ተባለ። ኦፕሬተሩ ወደ ታች ሲነዳ ከበስተኋላው ላሉት እናት በጥሩምባ ተሰናበታቸው።

በማግስቱ መፈለጊያ መሣሪያዬን ይዤ መጣሁ። ቁመቱ ከዘራ የሚያህል፣ ጫፉ ከባድ ነገር ነው። ከመሬት ከፍ አድርገው ይዘውት ሲሄዱ፣ ከበታች ኤሌክትሪክ የሚሄድበት ሽቦ ካለ ይጮሃል። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ፣ አንገቴን አቀርቅሬ ስራመድ ሰው አንድ ሁለት እያለ ከኋላዬ ይከተል ጀመር። ዘወር ስል ሰልፉ ታቦት የሚሸኝ ይመስላል።

«ወርቅ ነው የምትፈልጊው?» አለኝ አንዱ።

«ሽቦ ነው።»

«ወርቅ ብታገኚም ሽቦ ነው ማለትሽ አይቀርም» ብሎ ተሳቀ።

የመብራቱ ገመድ ቶሎ ተገኘ፤ በግራ በኩል፣ ከአጥሩ ሥር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በቀይ ቀለም አሰመርኩት። የስልኩም ተገኘ፤ በብርቱካን አሰመርኩት። ውሃው ላይ ስንደርስ ግን መሣሪያው ጭጭ አለ። ፕላስቲክ ቱቦ ነውና አይጮህም።

የሙሽራይቱ እናት ይህን ስነግራቸው ቅር አላቸው። «የስልኩ ጮኾ የኔ ውሃ አይጮህም?»

«ፕላስቲክ ስለሆነ ነው፣ እማማ።»

«ብረት እንኳ ነፍገውን ፕላስቲክ! ድሮም የተናቅን ነን» አሉ።

ከቢሮ የተሰጠኝ ፕላን መንገዱ ከመስፋቱ በፊት የተሠራ ነው። ቱቦው በአጥር ጥግ ይሄዳል ይላል፤ የያኔው አጥር ግን መንገዱ ሲሰፋ ፈርሷል። ስለዚህ የቀረኝ ሰዉን መጠየቅ ነበር። ሰዉ ደግሞ መጠየቅን ይጠብቅ ኖሯል።

«እዚህ ጋ ነው» አሉ እናትየዋ፣ በእግራቸው በቀኝ በኩል ያለውን የአጥራቸውን ሥር እየመቱ። «ሲቀብሩት ለቆፋሪዎቹ ውሃ ያጠጣሁ እኔ ነኝ።»

«ሰው አልፎ አልፎ ይሳሳታል እኮ!» የሚል ድምፅ ከጀርባችን መጣ። የግድግዳ ጎረቤታቸው ናቸው፤ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ መካኒክ፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ኮታቸውን የሚቆልፉ። «ቱቦው መሃል መንገድ ላይ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ። ጠዋት ወደ ፋብሪካ ስሄድ፣ ጉድጓዱን ዘልዬ ነው ያለፍኩት። አጥር ሥር ቢሆን ለምን እዘላለሁ?»

«አንተ ድሮም መዝለል ትወዳለህ!»

ሰዉ ሳቀ። ቆየት ብዬ እንደተረዳሁት፣ እነዚህ ሁለት ሰዎች ጎረቤት ሆነው ከኖሩበት ዘመን ጀምሮ በምንም ነገር ተስማምተው አያውቁም። በዝናቡ አይስማሙም፤ በዶሮ ዋጋ አይስማሙም፤ አንዳቸው ሲታመሙ ግን ሌላኛቸው ሾርባ ይዘው ቀድመው ይደርሳሉ።

«መሃል ላይ ካልተገኘ» አሉ መካኒኩ፣ የኮታቸውን ቁልፍ እየነካኩ፣ «የሠርጉን ድንኳን የምተክለው እኔ ነኝ።»

«አጥሬ ሥር ካልተገኘ ደግሞ እኔ አንተን ከሽማግሌዎቹ ጋር ከፊት አስቀምጥሃለሁ።»

«ድሮስ የት ልታስቀምጪኝ ነበር?»

«ከድስቶቹ ጋር።»

መቆፈር ጀመርን። ከላይ ያለውን ደረቅ አፈር በዶማ ከፈነቀልን በኋላ ዶማ ከለከልኩ፤ የዶማ ጫፍ ፕላስቲክ አይምርም። በአካፋ፣ በቀስታ፣ አፈሩን እንደ መላጨት። መጀመሪያ መሃል መንገዱን ከፈትን፤ ጉልበት ድረስ ወረድን፤ ምንም። መካኒኩ ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመው፣ «ትንሽ፣ ትንሽ ወደ ታች» እያሉ ያበረታታሉ። ወገብ ድረስ ወረድን። ጥቁር አፈር ብቻ። እናትየዋ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው አሳመሩት።

ቀጥሎ አጥሩ ሥር ከፈትን። እዚያም ወገብ ድረስ ወረድን። እዚያም ምንም።

ሁለቱም ተራ በተራ ወደ ጉድጓዶቹ አጎነበሱ።  ቱቦው ሲፈነዳ ሰዉ አይቶታል፤ ሰሞኑንም ከየቧንቧው ውሃ ይወርዳል፤ የሆነ ቦታ መኖሩማ የግድ ነው። ማሽኑ ቢመጣ የሚያገኘው ግን የት ጋ ነው? ሠራተኞቹን ወደ ላይ አወጣኋቸውና በመንገዱ አግድም፣ ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ጠባብ ቦይ እንዲቆፍሩ አደረግኩ። በየት በኩል ቢያልፍ ከዚህ ቦይ ሊያመልጥ አይችልም። ረፋዱን ሙሉ፣ ምሳ ከተበላ በኋላም ቆፈርን። ስንቅ የያዙት ሰዎች እንዲሻገሩ ሳንቃ ዘረጋንላቸው፤ አንዳንዶቹ ሲመለሱ ቆመው «ገና አልተገኘም?» ብለው ጠይቀው ይሄዳሉ።

«ኧረ ድንጋይ!» አለ ከቦዩ ውስጥ አንዱ ሠራተኛ።

ድንጋይ አልነበረም፤ ቋጥኝ ነው። በሬ የተኛ የሚያህል ቋጥኝ፣ በመሃል መንገዱና በአጥሩ መካከል ተጋድሟል። አፈሩን ከጎኑ በእጃችን እያነሣን ስንሄድ፣ ሰማያዊ መስመር ያለው ጥቁር ቱቦ ጀርባውን አወጣ። ከላይ በኩል መሃል ለመሃል መጥቶ፣ ቋጥኙ ጋ ሲደርስ ተጠምዝዞ፣ ታክኮት አልፎ፣ ከዚያ ወዲያ በአጥሩ ሥር ቀጥሏል። ያኔ የቀበሩት ሰዎች ድንጋዩን መስበር ሰንፈው ዞረውታል ማለት ነው። እኛ ሁለቱን ጉድጓዶች የከፈትነው ደግሞ በተገላቢጦሽ ነበር፤ መሃሉን ከቋጥኙ በታች፣ አጥር ሥሩን ከቋጥኙ በላይ።

መካኒኩ፣ «ከቋጥኙ በላይ እኔ ነኝ ትክክል» አሉ።

«ከቋጥኙ በታች እኔ!» አሉ እናትየዋ።

«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አልኩ።

«ሁለታችንም ልክ ከሆንን» አሉ እናትየዋ፣ «ሁለታችንም ተሸንፈናል ማለት ነው።» እጃቸውን ለመካኒኩ ዘረጉ፤ እሳቸውም ጨበጡ። ድንኳኑ በመካኒኩ ሊተከል፣ መካኒኩም ከፊት ሊቀመጡ ተወሰነ። በጎረቤትነታቸው ዘመን ሁሉ የተስማሙበት የመጀመሪያ ነገር ይሄ ነው ተብሎ ሰፈሩ ውስጥ ሲወራ ዋለ። እኔ ቱቦውን ስዳስሰው ውሃው ውስጡ ሲሮጥ በመዳፌ ተሰማኝ፤ በደስታ እንደ ልጅ ሳቅኩ።

ኦፕሬተሩ ማሽኑን ይዞ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሥራችን ተዋበ። እኔ ከፊት ለፊቱ፣ ዓይኑ በሚያየኝ ቦታ እቆማለሁ። እጄን ከዘረጋሁ ይቆፍራል፤ ጡጫዬን ካነሣሁ ይቆማል። ለምን እንደሆነ አይጠይቅም። ቱቦው አጠገብ ስንደርስ እሱ ክንዱን ወደ ላይ ያነሣና ሠራተኞቹ ወርደው በአካፋ ያጠሩታል። ቱቦው ራቁቱን ከወጣ በኋላ በገመድ ከአግዳሚ እንጨት ጋር እናስረዋለን። እናትየዋ ጠዋት ጠዋት እየወጡ ቱቦውን ያዩታል፤ ሕመምተኛ የሚጠይቁ ያህል አጎንብሰው «እንዴት አደረ?» ይላሉ።

በአንዱ ቀን፣ ከእሳቸው ቤት ከፍ ብሎ ካለው ወፍጮ ቤት ፊት ለፊት ስንሠራ፣ ማሽኑ በባኬቱ፣ በጥርሳሙ አካፋው፣ አንድ ጊዜ ዝቆ ሲያነሣ፣ ከጥርሱ ሥር በዚያ ከሰል በሚመስል አፈር ውስጥ ነጣ ያለ ነገር አየሁ። አሸዋ ነው። በዚያ ሰፈር መሬት ውስጥ አሸዋ በራሱ አይበቅልም። አሸዋ ካለ ሰው አምጥቶ አልብሶታል፤ ሰው አሸዋ የሚያለብሰው ደግሞ ገመድ ነው።

ጡጫዬን አነሣሁ።

ባኬቱ እንደገና ሊወርድ ተዘርግቶ ነበር። በአየር ላይ ቀጥ አለ። ሞተሩ ጠፋ። ወፍጮው ብቻ ይጮሃል።

ሠራተኞቹን ወደ ኋላ አራቅኩ፤ የወፍጮ ቤቱን በር እያንኳኳሁ አጥፉት አልኩ። ዋናው ማብሪያ ማጥፊያ ከወረደ በኋላ በእንጨት አካፋ አሸዋውን ገለጥ ገለጥ አደረግነው። የጣት ያህል ሳይሆን የክንድ ያህል የወፈረ ጥቁር ገመድ ተኝቷል። ባኬቱ አንድ ጊዜ ቢወርድ ኖሮ ያገኘው ነበር።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ቅንድባቸው ድረስ ዱቄት የለበሱ ረዥም ሴት ናቸው፤ እጃቸውን በአፋቸው ላይ አድርገው ወጡ። «የኔ ገመድ ነው። ወፍጮውን ስተክል ነው ያስቀበርኩት። ማንም አልጠየቀኝ!»

አልጠየቅናቸውም፤ ምክንያቱም መሣሪያዬን ይዤ የዞርኩ ዕለት ወርኃዊው አቦ ነበርና ወፍጮውን ዘግተው ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። ወፍጮው ካልሠራ በገመዱ ውስጥ የሚሄድ ኤሌክትሪክ የለም፤ ኤሌክትሪክ ካልሄደ ደግሞ መሣሪያዬ ምንም አይሰማም። ገመዱ በዓል አክብሮ ዋለ ማለት ነው።

ኦፕሬተሩ ከማሽኑ ወርዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቅ አየሁት። ውሃ ሰጠሁት፤ ጠጣ። ቀኝ እጁን አሳየኝ፤ የማሽኑን ማንሻ እንደጨበጠ ቀርቷል።

«ጋሼ፣ አልፏል እኮ» አልኩት።

«አውቃለሁ። እጄ ግን ገና አልሰማም።» ቀጥሎም፣ «ለባለቤቴ እንዳትነግሪያት» አለ።

«የት አውቃቸዋለሁ?»

«አንቺ ባታውቂያትም እሷ ፈልጋ ታገኝሻለች» አለ፤ ያን ጊዜ ሳቁ ተመለሰ። ባለወፍጮዋ ከቤታቸው አንድ ሳህን ትኩስ በሶ በቅቤ ለውሰው አመጡለት። እሱ ሲበላ ሁላችንም ዙሪያውን ቆመን እናየው ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ መሣሪያው ብቻ አላስተማመነኝም። በየቤቱ እያንኳኳሁ፣ «ከግቢያችሁ ወደ መንገድ የሚወጣ፣ ራሳችሁ ያስቀበራችሁት ነገር አለ?» ማለት ጀመርኩ። ሰው ስንት ነገር ይቀብራል! አንዱ ቤት ለተከራዮቹ የሳበው የውሃ መስመር አለ፤ ሌላው ከጎረቤት የተጋራው የዲሽ ገመድ። አንድ ሰውዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ፣ «ውሻዬን እዚያ ጥግ ቀብሬዋለሁ፣ መልካም ውሻ ነበር» አሉኝ። ሁሉንም በቀለም አሰመርኩ። መንገዱ ሠዓሊ የተለማመደበት ሸራ መሰለ።

የሙሽራይቱ እናት በር ላይ ስደርስ ጥቂት አሰቡ።

«አለ» አሉ። «የልጄ እትብት። ከበሩ ሥር ነው፣ እዚህ ጋ። ምልክት አታደርጊበትም?»

እኛ የምንቆፍረው ከዚያ ራቅ ብሎ ነው፤ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ነጭ ቀለሜን አውጥቼ ከበራቸው ሥር ትንሽ ክብ ሠራሁ። ሙሽራይቱ ከውስጥ መጥታ፣ «እማዬ፣ ምንድን ነው?» አለች።

«አንቺ ነሽ» አሏት። ልጅቷ ሳቀች፤ እናትየዋ ግን ፊታቸውን ወደ አጥሩ መልሰው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረግ አደረጉ። እኔም የቀለሙን ጣሳ የማናውጥ መስዬ ቆየሁ።

ጥምቀት አለፈ። በቤታቸው ፊት ያለው ቱቦ ተቀብሮ፣ አፈሩ ተመልሶ፣ ተጠቅጥቆ አለቀ። ቧንቧቸው አንድም ቀን አልደረቀም። ለሠርጉ ተጠራን፤ እኔም፣ ኦፕሬተሩም፣ ቆፋሪዎቹም በሙሉ።

ከሠርጉ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ያለ ሥራ፣ እንዲሁ ላያቸው ብዬ ብቅ አልኩ። መካኒኩ ቃላቸውን ሊፈጽሙ ኮታቸውን አውልቀው በሸሚዝ ናቸው። የድንኳኑ ምሰሶ ቆሟል፤ ገመዱ ተወጥሯል፤ እሳቸው ደግሞ ረዥም የብረት ችካል መሬት ላይ አቁመው መዶሻ ወደ ላይ አንሥተዋል። ችካሉ የቆመበትን አየሁ። ውሃው የሚያልፍበት መስመር ላይ ነው፤ ለዚያውም ገና የተጠቀጠቀ፣ ለስላሳ አፈር። ልጮህ አፌን ስከፍት ግን ተቀደምኩ።

«ቁም!» አሉ እናትየዋ ከጓሮ፣ የሽንኩርት ቢላቸውን እንደያዙ።

«ቁም!» አለች ሙሽራይቱ፣ ፀጉሯ በመጠቅለያ እንደተሞላ ከመስኮት።

«ቁሙ፣ ቁሙ!» አሉ ባለወፍጮዋ ከመንገዱ ማዶ።

መካኒኩ መዶሻቸውን በአየር ላይ ይዘው ቀሩ። እኔ ጡጫዬን ማንሣት አላስፈለገኝም። ቀስ ብለው ችካሉን ነቀሉና፣ «ልፈትናችሁ ነው» አሉ።

ችካሉን ትተን በአሸዋ የተሞላ ከረጢት አመጣን፤ የድንኳኑን ገመድ በከረጢቶቹ አሰርን። ሰፈሩ ውስጥ ከዚያ ወዲህ ለቅሶም ሆነ ሠርግ ድንኳን የሚታሰረው እንዲያ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

የሠርጉ ዕለት ኦፕሬተሩ ሳይዘገይ፣ ቁልፉ አልገናኝ ያለ ሰማያዊ ሱፍ ለብሶ፣ ከባለቤቱ ጋር መጣ። ባለቤቱ አጠር ያሉ፣ ዓይናቸው የማያርፍ ሴት ናቸው። ሰላምታ ሰጥተውኝ ገና እጄን ሳይለቁ፣ «የወፍጮውን ነገር ንገሪኝ እስቲ» አሉ። ኦፕሬተሩ የድንኳኑን ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«ማን ነገረዎት?»

«ሌሊት ሲቃዥ ነው የነገረኝ። ‹አሸዋ፣ አሸዋ› ይላል።» እጄን ጨበጥ አደረጉት። «እግዜር ይስጥሽ፣ እህቴ» አሉኝና ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ሄደው ተቀመጡ።

መካኒኩ ከሽማግሌዎቹ መካከል፣ ከፊት፣ ኮታቸውን ቆልፈው ተቀምጠዋል። ሙሽራውና ሙሽራይቱ ገቡ፤ እልልታው ቀለጠ። የእጅ ውሃ ዞረ፤ ምግብ ዞረ፤ ጠላ ዞረ። ድምፅ ማጉያው ሰፈሩን ያናውጠዋል። ኦፕሬተሩ የሱፉን ኮት አውልቆ መሃል ገባና ትከሻውን ሲያርገፈግፍ፣ ያ ሁሉ ሰውነት የማሽኑን ክንድ ያህል በልክ ይታዘዝለታል። ሰዉ ክብ ሠርቶ ያጨበጭባል።

በዚህ መሃል መብራት ጠፋ።

ሙዚቃው ጉሮሮው እንደታነቀ ቆመ። በድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ፣ ሽማግሌው፣ ሚዜው፣ አስተናጋጁ ከነሰፌዱ፣ ሙሽሮቹ ሳይቀሩ ዘወር ብለው እኔንና ኦፕሬተሩን አዩን።

ኦፕሬተሩ እጆቹን ወደ ላይ አነሣ። «እኔ እዚሁ ስጨፍር አላያችሁኝም እንዴ?»

«ማሽኑስ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ማሽኑ ተቆልፏል! ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው!» ብሎ አውጥቶ አሳየ።

መካኒኩ በክብር ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ስልካቸውን አውጥተው ሳሪስ ላለ ወንድማቸው ደወሉ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። «እናንተ ጋስ መብራት አለ?… የለም?… ከመቼ?… እሺ፣ እሺ።» ስልኩን ዘጉና ወደ ሰዉ ዞሩ። «ሳሪስም የለም። ከላይ ነው የጠፋው። ልጆቹ ንጹሕ ናቸው።»

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። የሙሽራይቱ እናት እየሳቁ መጥተው ኦፕሬተሩንም እኔንም ጉንጫችንን ሳሙን። አንዷ ሴት ከበሮ ከቤት ይዛ ወጣች፤ ከድምፅ ማጉያው ይልቅ እሷ የተሻለች ሆና ተገኘች። ባለወፍጮዋ ግጥም ያወጣሉ፤ እኛ እንቀበላለን። አንደኛው ግጥም ስለ ቋጥኙ ነበር፤ መካኒኩ ሲሰሙት እንዳልሰማ ሆነው ጠላቸውን ጠጡ።

መብራቱ የመጣው ሙሽሮቹ ከሄዱ በኋላ ነው። በባዶው ድንኳን ውስጥ ማጉያው በድንገት ካቆመበት ጀመረና፣ ዕቃ የሚያነሡትን ሴቶች አስደነገጣቸው አሉ። እኔ ያን ጊዜ አስፋልቱ ላይ ታክሲ እየጠበቅኩ ነበር፤ ግጥም ስቀበል ውዬ ድምፄ ተዘግቶ ስለነበር፣ ከተሳፈርኩ በኋላ ለረዳቱ «ወራጅ» ማለት እንኳ አቅቶኝ፣ አንድ ፌርማታ አልፌ ወረድኩ።